በፍልሰታ የተከሰሰው ሙዝ

በጾም ወቅት ለሰው ነጭ ነገር የሚያቀርብ ሰው ወይ ጀግና ነው ወይ ጅል። እኔ ደግሞ ጀግና ሆኜ አላውቅም! ቀይ ነገር ብታቀርቡ በርበሬ ነው ተብሎ ይበላል። አረንጓዴ ብታቀርቡ ጎመን ነው። ጥቁር ብታቀርቡ እንኳ... “ምስሩ ትንሽ አሯል” ይባልና ይታለፋል። ነጭ ከሆነ ግን አለቀላችሁ! የጎረቤት ዓይን፣ የነፍስ አባት ዓይን፣ የድመት ዓይን ሳይቀር እዚያች ሳህን ላይ ይተከላል። “ከምን ተነስተህ ነው እንዲህ የምትለው?” ትሉኝ ይሆናል። ከሙዝ ተነስቼ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ እዚሁ ጎንደር ነው። ያኔ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ወንደላጤ ነበርኩ፤ ቀጭን ነበርኩ። (ሦስቱም ዛሬ የሉም።) ከፒያሳ ጀርባ፣ ወይዘሮ ትርንጎ ከሚባሉ ሴት ግቢ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ወይዘሮ ትርንጎ እጅግ ደግ ሴት ነበሩ። ኪራይ ባሳልፍ ዝም፣ በሩን ሳልዘጋ ብሄድ ዝም። በጾም ነገር ግን ደግነት የሚባል አያውቁም። ነፍሰ ገዳይ ቢመጣባቸው ምናልባት ይምሩት ነበር፤ ረቡዕ ቀን እንቁላል የሰበረን ግን እስከ ዕለተ ምጽአት አይምሩም!

እኔ በዚያን ጊዜ በፍቅር ታምሜ ነበር። የታመምኩት በየውብዳር ነው። የውብዳር የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት። መሪጌታ ጥበቡን የማያውቅ የደብሩ ሰው የለም፤ ድምፃቸው ግንብ ያነቃንቃል፣ ቁጣቸው ደግሞ ግንቡን ያፈርሰዋል። ሽማግሌ ላክሁ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው አያ እንድሪስ ነበሩ፤ ገበያ ላይ ፍራፍሬና ጨው የሚነግዱ፣ የሟች አባቴ ወዳጅ። ሄደው ሲመለሱ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣

“ልጄ፣ እንቢ አላሉም” አሉኝ።

“ተመስገን!”

“እሺም አላሉም።”

“ታዲያ ምን አሉ?”

“‘የማኅበር ተራው ለፍልሰታ አይደል? ተራውን እንዴት እንደሚያወጣ እንይና ያን ጊዜ እንነጋገራለን’ ነው ያሉት። መልክህንም ደሞዝህንም አልጠየቁም። የሚያዩት ገበታህን ነው።”

ጉድ ፈላ! እኔና መሪጌታ የአንድ ጽዋ ማኅበርተኞች ነን፤ በየወሩ በተራ አንዱ ቤት እየተሰበሰብን እንበላለን፣ እንጠጣለን። ሚስት ያለው ሰው ተራው ሲደርስ ይደሰታል። ወንደላጤ ተራው ሲደርስ ይከሳል። የእኔ ተራ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ ወር መርጦ የወደቀው በፍልሰታ ጾም ላይ ነው። ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ዓይብ የለ! በሽሮ ሚስት ያገኘ ሰው ካለ ይንገረኝ።

“ሽሮውን ለእኔ ተወው” አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። “ሽሮዬን የቀመሰ እጁን ይቆረጥማል።”

ሽሮማ ማን ያጣዋል! እኔ የፈለግሁት መሪጌታ እስከ ዛሬ ቀምሰውት የማያውቁትን፣ “ይህስ ልጅ ቤት ያቀናል” የሚያሰኛቸውን ነገር ነው። ወጣትነት ክፉ ነው፤ ሰው ሽሮ ይዞ ደህና ሊያገባ ሲችል ሌላ ያስመኘዋል።

ፒያሳ ላይ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣልያን ነበር፤ ሁላችንም ሲኞር እንለዋለን። ጀላቲ ይሸጣል። ጀላቲው ወተት ስላለበት በጾም ወራት የሚገዛው የለም፤ እሱም በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ያዛጋል። ሄድኩና፣

“ሲኞር፣ ያለ ወተት ጀላቲ ይሆናል?” አልኩት።

“ወተት ለምን? አንተ ፍሬ አለሽ?” አለኝ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። “ሙዝ፣ በደንብ የበሰለች፣ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያላት። በማንኪያ ትመቻታለሽ፣ ትመቻታለሽ። ሎሚ ጠብ! እንዳትጠቁር። ከዚያ ሙዝ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ደግሞ በረዶና ጨው ውስጥ። ታዞሪያለሽ፣ ትፍቂያለሽ፣ እንደገና ታዞሪያለሽ። ክንድሽ እስኪሞት!”

“ጨው ለምን?”

“በረዶ ብቻውን ሰነፍ ነው። ጨው ሲያገኝ ይናደዳል፤ ከተናደደ ሁሉንም ያደርቃል።”

“በረዶውን ትሰጠኛለህ?”

“የእኔ የበረዶ መኪና ተሰብሯል” አለና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። “ክረምት አይደለም? እዚያ ጠይቂ።”

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ አይደል? ጋብቻዬ ደመና ላይ ተንጠለጠለ!

ግን ቆይ... ከባዱ ነገር ገና ነው። ያን ሰሞን የወገራ ገብስ እሸት ይዟል። በረዶ እንዳይመታው ደብራችን ምህላ ይዟል። ምህላውን ከፊት ሆኖ የሚመራው ማን ይመስላችኋል? መሪጌታ ጥበቡ! “አቤቱ፣ በረዶውን መልስልን!” ይላሉ በዚያ ነጎድጓድ ድምፃቸው። ሕዝቡ “እግዚኦ!” ይላል። እኔም ከኋላ ከጥዱ ሥር ቆሜ “እግዚኦ!” እላለሁ፤ በሆዴ ግን፣ “ጌታዬ፣ ገብሱን አትንካ፣ የድሃ ጉሮሮ ነው... አንዲት እንቅብ ብቻ ጓሮዬ ላይ ጣልልኝ” እያልኩ ነው። አማቴ ከፊት ሆነው ይመልሳሉ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እጠራለሁ። በዚያ ሳምንት ከጎንደር ወደ ሰማይ የወጣው ልመና ምን ያህል የተምታታ እንደነበር እግዜር ራሱ ያውቃል።

ሙዙን ከአያ እንድሪስ ገዛሁ። ከዛሪማ በኩል በጭነት መኪና የመጣ፣ የቆላ ሙዝ።

“ለማኅበር ሙዝ?” አሉኝ እየሳቁ። “ምነው ልጄ፣ ዳቦው ጠፋ?”

“አያ፣ ዝም ብለው ይስጡኝ። አሞሌ ጨውም ይጨምሩልኝ።”

“ሙዝ በጨው! በል እኔ ሽማግሌህ ነኝ፣ የምትበላውን ግን አላውቅልህም።”

የማኅበሬ ቀን ነጋ። ፀሐይ! በነሐሴ! ጎንደር ላይ! ክረምቱን ሙሉ ዶፍ ሲያወርድ የከረመ ሰማይ ያን ዕለት እንደ መስከረም ጠርቶ አረፈደ። ሙዞቼ ከነጥብ አልፈው መጥቆር ጀመሩ። ወይዘሮ ትርንጎ ሽሯቸውን ያንተከትካሉ። የውብዳር አባቷ “ሂጂና እርጃቸው” ብለዋት መጥታ ጎመን ትከትፋለች። ልታግዝ ነው ይበሉ እንጂ ልትሰልል መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ማኅበርተኞቹ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ቅዳሴ ወጥቶ እስኪመጡ ሁላችንም ጾመኞች ነን። እኔ በየደቂቃው እወጣና ሰማይ አያለሁ።

“ምን ጠፋብህ?” አለችኝ የውብዳር።

“በረዶ” አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። “አባዬ እንዳይወርድ ሲለምን የሰነበተው በረዶ?”

“ያው ራሱ።”

“እንግዲያው ጉድህ ፈላ!” ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ከቀትር በኋላ ደመናው ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ቆርቆሮ ጣራው ላይ አንድ ጊዜ ቋ! አለ። ደግሞ ቋ፣ ቋ! ከዚያ እናንተዬ፣ ሰማዩ ተከፈተ! ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሮጥ እኔ እንቅብ ይዤ ወደ ውጭ ሮጥኩ።

“ኧረ ያዙት! አበደ! የሰው ልጅ አበደ!” ወይዘሮ ትርንጎ ከማዕድ ቤት ጮኹ።

“ተዉኝ እሜቴ፣ የማኅበሬ ምግብ ነው!”

“በረዶ ልታበላን ነው?!”

አናቴን ይቀጠቅጠኛል፣ ጆሮዬን ይጠፈጥፈኛል፣ እኔ ጎንበስ ብዬ እዝቃለሁ። ቀና ስል የውብዳር ሰፌድ ራሷ ላይ ደፍታ አጠገቤ ትዝቃለች! “በዚህ ስታፍስ በዚያ ቀለጠብህ እኮ፣ ፍጠን!” ትለኛለች። አዳለጣት፣ ያዝኳት፣ አዳለጠኝ፣ ያዘችኝ፤ ሁለታችንም ጭቃው ላይ ቁጭ አልንና በረዶ እየወረደብን ሳቅን። በዚያች ቅጽበት፣ ይህችን ልጅ ካላገባሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ከዚያ በፊት ትዝ አይለኝም።

አሁን ቆርቆሮ። ክዳን ያላት አንዲት ደህና ቆርቆሮ ነበረችኝ፤ ሚስማር የማስቀምጥባት። ጣልያን ጥሎት ከሄደው ኮተት ያገኘኋት ናት። ድሮ የወተት ዱቄት ነበረባት መሰለኝ፣ ሆዷ ላይ አንዲት ቆንጆ ላም ተሥላባታለች። ስንት ዘመን ሚስማር ያደረባትን ቆርቆሮ በአመድ ፈተግኋት፣ በፈላ ውሃ ቀቀልኋት፤ ላሟ ግን ንቅንቅ አላለችም። ላሟን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ሙዙን ልጬ ደህና አድርጌ መታሁት፣ ሎሚ ጠብ አደረግሁበት። ልጣጩን የወይዘሮ ትርንጎ በግ እጄ ላይ በላችው። (በጓንም ልብ በሉልኝ።) ባልዲ ውስጥ በረዶና የተወቀጠ አሞሌ፣ መሃል ላይ ቆርቆሮዋ። አዞርኩ። የውብዳር ክዳኑን ከፍታ በእንጨት ማንኪያ ከዳር ከዳር ትፍቀዋለች፣ እኔ አዞራለሁ። ክንዴ ሞተ፤ ሲኞሩ እውነቱን ነው። በመጨረሻ ክዳኑን ስናነሳው... ያ ጥቁር ነጥብ የነበረው ሙዝ ደድሮ፣ ለስልሶ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ሆኗል! የውብዳር ማንኪያዋን አፏ አድርሳ መለሰችው። “ሳይባረክ አይቀመስም” አለች። እኔም አልቀመስኩም። ስለዚህ ያን ነገር ምን ምን እንደሚል ያወቀ አንድም ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ማኅበርተኞቹ ገቡ። መሪጌታ ፊታቸው ጠቁሯል። “ምህላችን ምን ቢጎድለው ነው?” ይላሉ ተቀምጠውም። “አንድ እንቅፋት የሆነ ሰው አለ። ከመካከላችን አለ!” እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ። የውብዳር ምጣድ ልታይ ወጣች፤ ምጣድ እኮ አልተጣደም። ደግነቱ በእንግድነት የጠራኋቸው አያ እንድሪስ ደረሱልኝ። “አይዘኑ የኔታ፣ ሾፌሮቹን ጠይቄያቸዋለሁ፤ በረዶው ከከተማው አልወጣም። የወገራ ገብስ ደህና ነው” አሉ። የመሪጌታ ፊት በራ። እኔም ተነፈስኩ። አንዲት እንቅብ ብቻ ነበር የለመንኩት፤ ሰማዩ እጁ ሰፊ ሆኖ እንጂ።

ተባረከ፣ ተበላ። ሽሮው ተመሰገነ። ያን ጊዜ እኔ በጎድጓዳ ሳህን ሞልቼ ይዤ ገባሁና መሪጌታ ፊት አስቀመጥኩ። ከላዩ ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ የቅዝቃዜ ጭስ። መሪጌታ አዩት።

“ትኩስ ነው” አሉና እፍ አሉበት። እፍ! እፍ! ከጎናቸው የተቀመጠውም ሰው እፍ አለ። ማኅበሩ በሙሉ ሳህኑን ከቦ እፍ እፍ አለበት!

“የኔታ፣ እፍ ሲሉበት አይበርድም፤ በርዷል።”

“ይጤሳል እኮ!”

“ስለበረደ ነው የሚጤሰው።”

እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ልጅ ሊዳርለት እንደማይገባ ዓይናቸው ነገረኝ። ግን ማንኪያውን አነሡ። ጎረሱ። ዓይናቸው ተጨፈነ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ሌሊቱን በሰዓታት፣ ቀኑን በቅዳሴ ሲጮህ የዋለው ጉሮሯቸው ያ ቅዝቃዜ ሲነካው... ማንኪያውን መልሰው ሰደዱ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛ ጎረሱ።

“ሸጋ ነው!” አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። “ሸጋ፣ ሸጋ ነው! ምንድን ነው?”

አገባሁ አልኩ። በሆዴ እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ ትርንጎ ከጓዳ ሲወጡ ያዩት ይህን ጊዜ ነው።

“በስመ አብ! ወተት!”

የመሪጌታ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

“ሙዝ ነው እሜቴ!” አልኩ።

“ሙዝ ቢጫ ነው።”

“ቢጫው ልጣጩ ነው!”

“ታዲያ ልጣጩ የት አለ?”

“በግዎ በላችው...”

“አሃ! በጌ!” እጃቸውን አጨበጨቡ። “እንግዲህ በጌ ትመስክር ነው የምትለኝ?”

“ወላሂ ሙዝ ነው” አሉ አያ እንድሪስ። “እኔ ራሴ ነኝ የሸጥኩለት።”

“አያ እንድሪስ፣ እርስዎ ሻጩም ሽማግሌውም ነዎት። ነጋዴ ያላሞገሰው ዕቃ፣ ሽማግሌ ያላመሰገነው ሙሽራ አይቼ አላውቅም!” ብለው ወደ ጓሮ ዘለቁ። ሲመለሱ ቆርቆሮዋን እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ይዘዋታል። ላሟ ማኅበሩን ትክ ብላ ታየዋለች።

“ይህችስ?” አሉ። “ይህችም ሙዝ ናት?”

እግዚኦ! “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” አለ አንዱ ከጥግ። መሪጌታ አመድ መሰሉ። እናንተዬ፣ እስቲ አስቡት፦ የደብሩ መሪጌታ፣ በእመቤታችን ጾም፣ ማኅበርተኛ ሁሉ ቁጭ ብሎ እያየ፣ ሦስት ማንኪያ ሙሉ! ያውም “ሸጋ ነው” ብለው! የእኔስ ይቅር፤ እኔ ከጋብቻ ነው የምወጣው፣ እሳቸው ከመንበራቸው ሊወጡ ነው።

“ክርክር ምን ያደርጋል?” አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። “ድመቴ ትጠራ!”

የእሳቸው ድመት በወተት ሌብነት ሰፈሩን ያስመረረች ናት። በተዘጋ በር፣ በተከደነ ማሰሮ ውስጥ ወተት መኖሩን ታውቃለች ይባላል። መጣች። ከሳህኑ ጠብታ መሬት ላይ ተደረገላት። እኔ በልቤ፣ “ድሙዬ፣ የኔ እናት፣ ሙዝ ነው፣ አንቺ ሙዝ አትወጂም፣ ሂጂ” እላለሁ። አሸተተች። ወደ ኋላ አለች። ተመስገን! ደግሞ ቀረብ አለች። አሸተተች። ላሰችው። ጥርግ አድርጋ ላሰችው! ላሰችና ቀና ብላ “ሚያው” አለች፣ ጨምሩልኝ ነው።

በቃ። አበቃልኝ። የውብዳርን አየኋት፤ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች፤ “አብሬው ሠርቻለሁ” ብትል አባቷ ፊት ጉዷ ነው። በረዶ የለመንኩበት አፌ ይቆረጥ!

“ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!” አሉ ወይዘሮ ትርንጎ በድል። “ፍርዱ ተፈረደ!”

ያን ጊዜ የውብዳር ከበሩ ላይ፣ “እሜቴ” አለች ቀስ ብላ፣ “ባለፈው ዓርብ የተልባውን ውሃ የጠጣችብዎት ይህችው አይደለችም? እርስዎ ራስዎ በማማሰያ አላባረሯትም?”

መሪጌታ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ውሃ ሲወስደው ሐረግ የጨበጠ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

“ተልባ ጠጥታለች?”

“ያው... ቀምሳለች” አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

“ተልባ ላም አላት?”

“የላትም፣ የኔታ፣ ግን...”

“ሱፍስ? የሱፍ ውሃ ነጭ አይደለም? የሱፍ ላም ያየ ከመካከላችሁ አለ?” ድምፃቸው ተመለሰ፤ ግንቡ መነቃነቅ ጀመረ። “ይህች ድመት አመሏ መስረቅ ነው እንጂ መመስከር አይደለም! የሌባ ምስክርነት ተቀብለን የክርስቲያን ልጅ ልንኮንን ነው?”

“ቆርቆሮዋ ላይ ግን ላም...”

“ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ዘንዶ ተሥሏል! ከዘንዶ ጋር ነው የምናስቀድሰው?” ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። “ሙዝ ነው! እንደውም ጨምርልኝ!” አሉና አራተኛውን ጎረሱ። ማኅበሩ ተያየ። መሪጌታ ከጎረሱት ማን ይቀራል? ማንኪያ ጠፋ! ሳህኑ ሲያልቅ ወይዘሮ ትርንጎ ራሳቸው ቆርቆሮዋን ሲፍቁ በዓይኔ አየኋቸው። “ሙዝ መሆኑን ላረጋግጥ ነው” አሉኝ።

ማኅበሩ ሲበተን መሪጌታ በር ላይ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

“ስማ” አሉ በሹክሹክታ። “ልጄን ብከለክልህ ነገ ገበያው ምን ይላል?”

“አላውቅም የኔታ።”

“‘መሪጌታ በፍልሰታ ወተት በልተው ስለተናደዱ ከለከሉት’ ይላል። ብሰጥህስ?”

“ምን ይላል?”

“‘ሙዝ ነበር ማለት ነው’ ይላል።” ዙሪያቸውን ቃኙ። አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ። “ሙዝ ነበር አይደል?”

“ሙዝ ነበር፣ የኔታ። በእመቤታችን!”

“እንግዲያው ጾሙ ሲፈታ ሽማግሌዎችህን ላክ።”

አያ እንድሪስ ይህን ስነግራቸው ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ። “እኔ ይህን ሁሉ ደጅ ጠንቼ ያልቻልኩትን ድመት ጨረሰችው!” አሉ። በጥር ሠርግ ሆነ። ወይዘሮ ትርንጎ ለሙሽሪት ስጦታ ምን ሰጡ? ድመቷን! “ከሰረቀች እናንተው ቤት ትስረቅ” ብለው።

ድመቷ ለምን እንደላሰችው እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እኔ ከባልዲው ትንሽ ጨው ገብቶ ነው እላለሁ። የውብዳር ደግሞ “ስለጣፈጣት ነው፣ ሌላ ምን ምክንያት ያስፈልጋል?” ትላለች። እናንተም ሞክሩት፤ ፍሬ፣ ሎሚ፣ በረዶ፣ ጨውና የሚሞት ክንድ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለጀማሪ ግን የምመክረው ኮክ ነው። ኮክ ቢጫ ስለሆነ ማንም አይከሰስበትም።

የሚቀጥለው ክረምት መጣ። ፍልሰታ ገባ፣ የወገራ ገብስ እሸት ያዘ፣ ምህላው እንደ ወትሮው ተጀመረ። አሁን አማች ስለሆንኩ ከጥዱ ሥር ወጥቼ ከመሪጌታ ጀርባ ነው የምቆመው። “አቤቱ፣ በረዶውን ከገብሳችን መልስልን!” አሉ በነጎድጓድ ድምፃቸው። “እግዚኦ!” አለ ሕዝቡ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ከእኔ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም።

“በከተማው በኩል ግን... እንደ ፈቃድህ።”

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዘወር አሉ።

“ሙዙ በስሏል?”